የመስከረም ስንደዶ፣ የኅዳር ቁስቋም፦ ወቅት በጎንደር ሥነ ጥበብ

የደብረ ብርሃን ሥላሴን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ቢያዩት ወሩን የሚናገር ነገር አይገኝም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ዝናብ አይዘንብም፤ ሰማዕታቱ የቆሙበት መሬት በጋ ይሁን ክረምት አይለይም። የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ዳራውን ያለ ጥላ በደማቅ ቀለም ይሞላዋል፤ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎላው ሁለተኛው ደግሞ ብጫውን ከቀዩና ከአረንጓዴው እያዋሐደ ያለሰልሰዋል። በሁለቱም የሚታየው ዓለም ከዓመቱ ዑደት ውጭ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የጎንደር ጥበብ ለተፈጥሮ ግድ የለውም ማለት ይቀናል። እኔ ግን ችግሩ ከምንፈልግበት ቦታ ነው እላለሁ። ጎንደር ወቅትን የያዘችው በዜማዋና በእጅ ሥራዋ ነው።

ዜማውን እናስቀድም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው። ሜዳው በአደይ አበባ ተሸፍኖ ሳለ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ የእመቤታችን ስደት ከአበባና ከፍሬ ጋር እየተነጻጸረ ይዘመራል። ዘመኑ ባለቀ ማግስት ኅዳር 6 ቁስቋም ትከበራለች፤ እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብለው ያሠሩት ደብርም በዚሁ በዓል የተሰየመ ነው። የቅዱስ ያሬድ ድጓ ራሱ ዮሐንስ፣ አስተምሕሮና ፋሲካ ተብሎ ዓመቱን ተከትሎ የተከፈለ ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሠዓሊው የተወውን አበባ መሪጌታው ያነሣዋል።

የእጅ ሥራው የበለጠ ይናገራል። መሶብ የሚሰፋበት ሣር፣ ስንደዶ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አገዳውን ያወጣል፤ ልጃገረዶች ሳይደርቅና ሳይሰባበር መዝዘው ይለቅሙታል። ቀኑ ካለፈ እስከ ከርሞ መጠበቅ ነው። ሌላው የስፌት ሣር፣ አክርማም፣ በጊዜው ተለቅሞ፣ ደርቆና ታስሮ ይቀመጣል። ከስንደዶው ከፊሉ በቀለም ተቀቅሎ አለላ ይሆናል፤ ከፊሉ በተፈጥሮ መልኩ ይቀራል። ሰፊዋ ሥራ ስትጀምር ሣሩን በውኃ ታርሰዋለች፤ ደረቁ ሲታጠፍ ይሰበራልና። በወስፌ እየወጋች፣ ከመሐል እየጠቀለለች ወደ ውጭ ትዞራለች። መሶቡ በሰፋ ቁጥር በአንድ ዙር የሚገባው ስፌት ስለሚጨምር፣ ቀዩ አለላ የት ላይ ገብቶ የት ላይ እንደሚወጣ ካለፈው ዙር ጋር እያስተያየች ማስላት አለባት። ንድፍ በወረቀት የለም። አንድ ስፌት ከሳተች ጥለቱ ያጋድላል፤ ያኔ መፍታት ነው። ይህን ያህል ስሌትና ትውስታ የሚጠይቅ ሥራ በሥነ ጥበብ ታሪካችን ውስጥ «የቤት ዕቃ» ተብሎ መታለፉ ያሳዝነኛል። እንግሊዛዊው ቀራፂ አንዲ ጎልድስወርዚ ቅጠልና በረዶ ደርድሮ፣ ሥራው ሲፈርስ ፎቶግራፉን ያስቀራል፤ ዓለምም የወቅት ጥበብ ብሎ አድንቆታል። የመስከረሙ ስንደዶ ግን መሶብ ሆኖ ለዓመታት እንጀራ ይይዛል።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው የሸክላ ሠሪዎች መንደር ወለቃም ሰዓቱን የሚወስነው ፀሐይ ነው። ሸክላ በክረምት በወጉ አይደርቅም፤ እርጥበት ይዞ እሳት የገባ ደግሞ ይፈነዳል። የቤተ እስራኤል ሴቶች ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ እያበጁ እንስራና ጀበና፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ለጎብኚ የሚሸጡ ትንንሽ ቅርጻ ቅርጾች ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1984–85 እና በ1991 አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ሥራውን ጎረቤቶቻቸው ይዘውታል። በአፈርና በእሳት የሚሠራን ሰው «ቡዳ» ብሎ ያገለለ ማኅበረሰብ ሥራውን በጥበብ ሚዛን ለመመዘን ዝግጁ አልነበረም። የሥነ ጥበብ ሃያሲም ከዚህ ውርስ ነጻ ነኝ ማለት አይችልም።

ሥዕሉም ቢሆን ከመሬቱ ፈጽሞ የተነጠለ አይደለም። የብራናው ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ ይደርቃል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተበጅቶ ለወራት ይብላላል፤ ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ሆኖም የነገሥታቱ ከተማ ቀለም ሁሉ ከደጅ የተለቀመ አልነበረም፤ በንግድ ከባሕር ማዶ የመጣም ነበረበት። በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ደግሞ ይገፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል ቡድን የጎንደሩን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ወደ ፓሪስ ሲወስድ በቦታቸው ቅጂ ተተካ። ሥዕሎቹ ዛሬም ከጎንደር ርቀው ይነበባሉ፤ ትርጉማቸው በመስከረም ላይ አልተመሠረተምና።

ወቅት በግልጽ በሥዕል የሚወጣበት አንድ አጋጣሚ አለ። በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች መልአክና አበባ በወረቀት ሥለው በየቤቱ ያድላሉ፤ ሴቶቹ አደይና ቄጠማ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ። ይህን የልጆች ሥራ ማንም ሰብስቦ ቢያጠናው ደስ ይለኛል።

አሁን ሌላ ጥያቄ መጥቷል። ከማዳበሪያ ጆንያ በተተረተረ ክር የሚሰፋ መሶብ በየገበያው ይታያል። ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ግጦሽ በጠበበበት አገር ስንደዶ ፍለጋ ከመንከራተት ያድናል፤ የምትሰፋውን ሴት የሚወቅስ ካለ አልስማማም። ጥለቱም ያው የቀድሞው ነው፣ ቀለሙ እንዲያውም ይደምቃል። ነገር ግን ይህ መሶብ በሐምሌም በጥርም እኩል ይሰፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጥለቱን ብቻ የሚያነብ ሃያሲ ልዩነት አያገኝም። ልዩነቱን የሚያገኘው ሣሩ የት ሜዳ ላይ፣ በየትኛው ወር፣ በማን እጅ እንደተለቀመ የጠየቀ ነው።