መጀመሪያ ባለቤቱን መጠየቅ

አሜሪካ ውስጥ የአረጋውያን መንከባከቢያዎችን የሚጎበኝና የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚከታተል በጎ ፈቃደኛ እንባ ጠባቂ መምጫውን አስቀድሞ አይናገርም። ተናግሮ ከሄደ የሚያየው የተሰናዳውን ነው። ሳይታሰብ ሲደርስ ግን የጥሪ ደወሉን ሰምቶ የሚመጣ ሰው እንዳለ፣ የምሳው ትሪ ከአረጋዊው እጅ ምን ያህል እንደራቀ በዓይኑ ያረጋግጣል።

ሥራው በፈረንጆቹ 1972 በጥቂት ክፍላተ ግዛት በሙከራ ተጀመረ። በ1978 ሁሉም ግዛቶች ይህን አገልግሎት እንዲያቋቁሙ በሕግ ተደነገገ። የ1987ቱ የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግና ተከትለውት የወጡት ደንቦች ደግሞ የነዋሪውን መብት ዘረዘሩ፦ ስለ ጤናው በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ለሠራተኛ እንዲመች ተብሎ አልጋ ላይ አይታሰርም፤ ከተለዩ ሁኔታዎች በስተቀር የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሳይደርሰው ከመንከባከቢያው አይወጣም።

ሕጉን ማጥናት ቀላሉ ነው። ከባዱ ከነዋሪው ቀድሞ አለመሮጥ ነው።

አንዲት እናት ወንድ ሠራተኛ ገላቸውን ሲያጥባቸው ተሳቀው ይሆናል። ጀማሪ በጎ ፈቃደኛ ይህን ሲሰማ ወዲያው ወደ ኃላፊው ቢሮ መሄድ ያምረዋል። ልምድ ያላት ግን ወንበሯን ጠጋ አድርጋ «እማማ፣ ምን እንዳደርግልዎ ይፈልጋሉ?» ትላለች። ማታ የሚያገላብጣቸው ያው ሠራተኛ ነውና ቂም ይይዝብኛል ብለው ሊፈሩ ይችላሉ። እሳቸው ሳይፈቅዱ ስማቸውም አቤቱታቸውም ለሌላ አይነገርም።

በእኛ በኢትዮጵያውያን አረጋውያን ዘንድ ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል። «ደህና ነዎት?» ሲባሉ መልሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ይሉኝታው ችግሩን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ጥያቄው ተጨባጭ መሆን አለበት፦ ትናንት ማታ ደወሉን ሲጫኑ ማን መጣ? ረቡዕና ዓርብ ምን ያቀርቡልዎታል? የጾም ምግብ መጠየቅ ማስቸገር አይደለም፤ መንከባከቢያው የነዋሪዎቹን ሃይማኖትና ባህል ያገናዘበ ምግብ ለማቅረብ እንዲጥር ደንቡ ያዛል።

ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ሲያስተረጉም ደግሞ የእናቱ ቃል በልጁ ሐሳብ ይዋጣል። ልጁ የሚዋሸው ከክፋት አይደለም፤ እናቱም የሚደብቁት እንዳይጨነቅ ብለው ነው። ለዚህ ነው አረጋዊውን ለብቻ፣ በገዛ ቋንቋው የሚያነጋግር ሰው የሚያስፈልገው።

የእንባ ጠባቂው ስልክ ቁጥር በየነርሲንግ ሆሙ በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት። እናት ወይም አባት እዚያ ያላችሁ ቁጥሩን መዝግቡ። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች ያላችሁ፣ አማርኛ የምትችሉና ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ደውላችሁ ለበጎ ፈቃደኛ እንባ ጠባቂዎች ሥልጠና ተመዝገቡ።