ኦርኪድን ከአፈር ማውጣት

ሰቆጣ ውስጥ ኦርኪድ የሚሞተው በውሃ ጥም ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው። ከአዲስ አበባ በስጦታ የሚመጣው ፋላኖፕሲስ የተባለ ኦርኪድ እዚህ እንደደረሰ ጥቁር አፈር ውስጥ ይተከላል፤ ጧትና ማታ ውሃ ይጠጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ደህና ዝናብ የሚጠበቀው በሐምሌና በነሐሴ በሆነበት በዋግ ኽምራ ላደገ ሰው፣ ውሃ መስጠት የደግነት ሁሉ መጀመሪያ ነው። ፋላኖፕሲስ ግን የእስያ ደን ተክል ነው፤ ዛፍ ላይ ተጣብቆ፣ ሥሩን ነፋስ እየነካው ይኖራል። አፈር ያፍነዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ሥሩን ነው። ጤነኛ ሥር ሲደርቅ ብርማ ነጭ ይሆናል፤ ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ አረንጓዴ ይለብሳል። ነጭ ከሆነ አጠጣለሁ፤ አረንጓዴ ከሆነ እተወዋለሁ። የበሰበሰውን በሁለት ጣት ሲይዙት ልጡ ይንሸራተትና መሀል ያለው ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። እሱን በእሳት በተለበለበ መቀስ እቆርጣለሁ፤ ቁስሉን ቀረፋ አስነካዋለሁ። ቀረፋ ያደርቃልና ደህናው ሥር ላይ እንዳይበተን እጠነቀቃለሁ።

ዕቃ የምቀይርለት አበባው ከረገፈ በኋላ፣ አዲስ ሥር ብቅ ሲል ነው። ከተመቸ ሰኔን እመርጣለሁ፤ ክረምቱ ሲገባ አየሩ ይረጥባል፣ የተነካካው ሥርም ቶሎ ያገግማል። ጎኑ የተበሳ የሸክላ ዕቃ እወስዳለሁ፤ ከታች ገል፣ ከላይ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ከሰል። ከሰሉ ያልነደደ መሆን አለበት፤ ብናኙም እስኪጠራ ይታጠባል። ከምድጃ የተረፈው አመድ ስላለበት አይሆንም። ከተተከለ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ያለ ውሃ ይቆያል። ከዚያ ወዲያ ሥሩ በነጣ ቁጥር ዕቃውን ሳፋ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል እነክራለሁ፤ አውጥቼም በደንብ አንጠፈጥፈዋለሁ። በቅጠሎቹ መሀል ውሃ ከተኛ እምብርቱ ይበሰብሳል። ከሰል ምግብ ስለሌለው አልፎ አልፎ በጣም የቀጠነ ማዳበሪያ ያስፈልገዋል።

የደጋው አየር ጥቅምም ጉዳትም አለው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜ፣ ውርጭ እስካልሆነ ድረስ፣ የአበባውን ዘንግ የሚቀሰቅስ ነው፤ ሌላው አገር ሰው ይህን ቅዝቃዜ በማሽን ይፈጥረዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው የቀትር ፀሐይ ግን ቅጠሉን ይለበልባል፤ ስስ መጋረጃ ያስፈልጋል። ሌላው ጠንቅ በከሰል የሚፈላው ቡና ነው። ከሰል ሲጤስ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ የበሰለ ሙዝም ያንኑ ይለቃል፤ እንቡጡ ሳይፈነዳ የሚረግፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ስለዚህ እንቡጥ የያዘ ኦርኪድ ቡና ከሚፈላበት ክፍል ይውጣ እላለሁ። ቡናው አይቀርም።

ኢትዮጵያም የራሷ ኦርኪዶች አሏት። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር ሆነው በ2004 እ.ኤ.አ. የመስክ መለያ መጽሐፍ አሳትመውላቸዋል። በደቡብ ምዕራብ እርጥብ ደኖች ዛፍ ላይ የሚበቅሉ አሉ፤ ከሣር መሀል ከመሬት የሚወጡም አሉ። እነዚህን ነቅሎ ወደ ቤት ማምጣትን አጥብቄ እቃወማለሁ። የኦርኪድ ዘር አቧራ የሚያህል ነው፤ ለራሱ የያዘው ስንቅ ስለሌለ በጫካ የሚበቅለው ተስማሚ ፈንገስ ሲያገኝ ብቻ ነው። አንድ እግር ተነቅሎ ሲሄድ ቦታው በቀላሉ አይተካም። ለቤት የሚሆነው በችግኝ ቤት የተባዛው ነው።