ሁሉ ነገሩ እኩል ያረጀ ማሲንቆ

«የጥንት የጋይንት ማሲንቆ» ተብሎ ለገበያ የሚቀርብ መሣሪያ ዕድሜውንም፣ አገሩንም፣ በተዘዋዋሪ የሠሪውንም እጅ በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። ሦስቱን የሚያሳምነን ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ ጥቁረቱ። ገበቴው ጭስ ጠጥቷል፣ እጀታው ወዝቷል፣ ብራናው ወይቧል። ጭስና ቅቤ ግን በሳምንት ውስጥ የሚገኙ ነገሮች ናቸው።

የቫዮሊን አዋቂዎች ይህን ፈተና ከእኛ ቀድመው አይተውታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ማርክኖይኪርሽንና በፈረንሳይ ሚርኩር ለገበያ የተሠሩ እጅግ ብዙ ቫዮሊኖች ሆዳቸው ውስጥ የክሬሞናው ዝነኛ ቫዮሊን ሠሪ የአንቶንዮ ስትራዲቫሪ ስም የታተመበት ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። የአንዳንዶቹ ቀለም አገጭና እጅ በሚያርፉበት ቦታ ሆን ተብሎ ተፍቋል። ስለዚህ አዋቂ ሰው ወረቀቱን የሚያነበው በመጨረሻ ነው፤ መጀመሪያ እንጨቱን ያያል። በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም የሚገኘውና «መሲሕ» የሚባለው የስትራዲቫሪ የ1716 እ.ኤ.አ. ቫዮሊን ሐሰተኛ ነው የሚል ክርክር በተነሣበት ጊዜ የፊቱ እንጨት የዕድገት ቀለበቶች ተቆጠሩ፤ የመጨረሻው ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ ውስጥ ወደቀ። ቀለበት የሠሪውን ስም አይናገርም። ከዚህ ዓመት በፊት አልተሠራም ይላል፤ ያም ቀላል ነገር አይደለም።

ማሲንቆ ላይ ይህ ዘዴ ከደጃፉ ይመለሳል። ፊቱ ብራና ነው፤ የሚቆጠር ቀለበት የለውም። ወረቀትም የለውም። ብዙ ጊዜ ሠሪው ራሱ ተጫዋቹ ነው፤ ለራሱ እጅ ለሠራው ዕቃ ደግሞ ማን ስሙን ይጽፋል?

ስም አልባነቱ ከአገሩ ልማድ የመጣ ነው እንዳይባል፣ ይኸው አገር ስም በመያዝ የታወቀ ነው። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም ድጓ የሚመሰከርባት፣ ዙር አምባም ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርባት ደብር ናት፤ የቆማ ዜማም ስሙን ያገኘው እስቴ ካለችው ቆማ ፋሲለደስ ነው። በእነዚህ ጉባኤዎች መምህሩ ከማን እንደተማረ፣ የእሱ መምህርም ከማን እንደተማረ ይቆጠራል። ዜማው የትውልድ ሐረግ ሲኖረው፣ ከጉባኤው ደጅ ውጭ፣ በሰርግና በጠላ ቤት የሚጮኸው ማሲንቆ የለውም። ምክንያቱ ማኅበራዊ ይመስለኛል። «ባለእጅ» ስድብ በነበረበት፣ «አዝማሪ»ም ከስድብ በማይርቅበት አገር ሠሪነትን በዕቃ ላይ መቅረጽ ክብር አያመጣም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብን በአዋጅ መከልከላቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያሳያል።

ጽሑፍም ብዙ አይረዳንም። በግዕዝ መዝሙረ ዳዊት «መሰንቆ» የሚለው ቃል ባለ አንድ ጭራውን መሣሪያ አያመለክትም፤ በገናንና ክራርን ለመሰለ ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ የገባ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስም ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ለቻርልስ በርኒ በላከው ጽሑፍ የአገሩን መሣሪያ ስድስት ብሎ ሲቆጥር ማሲንቆን አላነሳም። አልነበረም ለማለት ይህ አይበቃም፤ የቤተ መንግሥት እንግዳ ሁሉንም አይሰማም። ግን ቃሉን ባየንበት ሁሉ ዕቃውን አየን ማለት አንችልም።

እንግዲህ የሚቀረን ዕቃው ራሱ ነው። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው፦ ሲያገለግል የኖረ ማሲንቆ በአንድ ጊዜ አያረጅም። ጭራው ይበጠሳል፣ ይለወጣል። ብራናው ይቀደዳል፣ በሌላ ይወጠራል። ደጋኑ ይሰበራል። ብርኩማው ይጠፋል። አንድ አዝማሪ ዕድሜውን ሙሉ የያዘው ማሲንቆ አራት ወይም አምስት ዕድሜ የተሸከመ ነው። ከእጀታ እስከ ብራና፣ ከመቃኛ እስከ ደጋን በአንድ ዓይነት ጥቁረት የጠቆረው ዕቃ የሚያስጠረጥረኝ ለዚህ ነው። የክሬሞና ቫዮሊኖችም እንዲሁ ናቸው፤ የአብዛኞቹ አንገት በኋላ ዘመን ተቀይሯል፣ ያልተቀየረ አንገት ብርቅ ነው።

መዳፍ ያረፈበትን ቦታ መመርመር ከሁሉ ይበልጣል። የማሲንቆ ተጫዋች ጭራውን በጣቱ ይነካዋል እንጂ እጀታው ላይ አይጫነውም። ስለዚህ እውነተኛው መፋቅ አውራ ጣትና መዳፍ በሚይዙት በኩል ይገኛል። ከጭራው ሥር ያለውን የእጀታ ፊት ፍቆ ያስረጀ ሰው ቫዮሊን አይቶ ማሲንቆ የሠራ ነው። የመቃኛው ቀዳዳ በመዞር ብዛት ሰፍቷል ወይ? ደጋኑ በሚመላለስበት ሥር የዕጣን ዱቄት ተቀምጧል ወይ? ከብራናው ጠርዝ በታች የቀድሞ ብራና የሙጫ ወይም የስፌት ርዝራዥ አለ ወይ? እጀታው ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ያጥራል፤ ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው።

«ጋይንት» የሚለው ከዕድሜው ይልቅ አስቸጋሪ ነው። አዝማሪ ተጓዥ ነው፤ ጋይንት ደግሞ ጎንደርን ከዋድላና ከላስታ የሚያገናኝ መተላለፊያ ነው፤ የጨጨሆን መተላለፊያ ያለፈ መሣሪያ በማግስቱ የሌላ አገር ሰው እጅ ላይ ነው። በፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር ጅቡቲ የጥናት ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ሰንብቶ ብዙ ዕቃ ወደ ፓሪስ ሲወስድ ለየዕቃው ካርድ አዘጋጅቷል፤ ካርዱ ላይ የሚነበበው ቦታ ግን በመጀመሪያ ዕቃው የተገኘበት ነው። የተገኘበትን የተሠራበት አድርጎ ማንበብ የሙዚየም አንባቢ ሁሉ ስሕተት ነው፤ ነጋዴው ይህንኑ ስሕተት ዋጋ ያወጣበታል።

እኔ ብጠየቅ ካርዱን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ማሲንቆ። ጋይንት ውስጥ የተገዛ። ገበቴው ከእጀታው የቀደመ፤ እጀታው ባሕር ዛፍ። ብራናው ቢያንስ አንድ ጊዜ ተለውጧል። ጭራው አዲስ። ሠሪ፦ ከአንድ በላይ።»