የሥልጣን አከፋፈል በሁለት ሚዛን፦ የሌቪን ንጽጽር በወሎ ምድር ሲመረመር

ስለ አገራችን ሕዝቦች የአገዛዝ ሥርዓት ከተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ግሬተር ኢትዮጵያ» እስከ ዛሬ ድረስ በተማሪዎቻችን እጅ የሚዘዋወር፣ በጉባኤም የሚጠቀስ ነው። በውስጡ ካሉት አሳቦች ሥር የሰደደው ግን አንዱ ነው፤ ይኸውም የአማራን ሥርዓት ከኦሮሞ ሥርዓት ጋራ አነጻጽሮ፣ የፊተኛው በበላይና በበታች ደረጃ የታነጸ፣ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ዕድል የሚሮጥበት፣ የኋለኛው ግን በእኩልነት የተመሠረተ፣ ሰው በእኩዮቹ ማኅበር ውስጥ የሚኖርበት ነው ያለው ነው። የዚህች አጭር ጽሑፍ አሳብ ይህን ንጽጽር በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ ማለት በወሎ ምድር ላይ አቁሞ መመርመር ነው።

አሳቡ ከሌቪን የተወለደ አይደለም። በ1593 እ.ኤ.አ. ገደማ የጋሞው መነኩሴ አባ ባሕርይ ስለ ኦሮሞ መስፋፋት በግዕዝ ሲጽፍ፣ የንጉሡ ወገን ብዙ ሆኖ ሳለ ለምን ተሸነፈ ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሱም የአገዛዝ ንጽጽር ነው፤ የክርስቲያኑ ሕዝብ በዐሥር ክፍል የተከፈለ ሲሆን ዘጠኙ ክፍል ወደ ጦር አይወጣም፣ የሚዋጋው ዐሥረኛው ብቻ ነው፤ በኦሮሞ ዘንድ ግን ሁሉም ተዋጊ ነው አለ። አባ ባሕርይ ንጉሥና ጌታ የሌላቸው መሆናቸውን፣ በየስምንት ዓመቱም የሥልጣን ተረኛ የሚለወጥባቸው መሆኑን አስተውሎ ጽፏል። ጠላቱን እንዲህ በጥንቃቄ የመረመረ ጸሐፊ በዚያ ዘመን ብዙ አይገኝም፤ የኋለኞቹ ተመራማሪዎችም ከእርሱ ያገኙትን አሳብ በባዕድ ቃል ደግመውታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ገዳን በቅርብ ያየልን አስመሮም ለገሰ ነው። በቦረና መካከል ተቀምጦ ያጠናውን በ1973 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ገዳን እንደ አገር በቀል ዴሞክራሲ አድርጎ የሚተነትን ሁለተኛ መጽሐፍ ጨመረ። ከእርሱ የምንማረው ዋናው ነገር አባ ገዳ በየስምንት ዓመቱ መለወጡ ብቻ አይደለም፤ ይህንንማ አባ ባሕርይም ያውቀዋል። ዋናው ነገር ሥልጣኑ በአንድ እጅ አለመግባቱ ነው። የገዳው ሸንጎ አንድ ነው፤ የጸሎትና የምርቃት ሥልጣን ያላቸው ቃሉዎች ሌላ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ሕግ ያወጣል፣ አባ ገዳውን ራሱን ከሥልጣኑ ሊነቅለው ይችላል። ንጉሠ ነገሥቱን የሚሽር ጉባኤ ግን በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ሆነ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ውስጥ አልነበረም። እስከዚህ ድረስ የሌቪንም የአስመሮምም ንጽጽር ጸንቶ ይቆማል። ይሁን እንጂ ሴቶች ከገዳው ሹመት ውጭ መሆናቸውን «እኩልነት» የሚለው ቃል እንዳይሸፍንብን መጠንቀቅ ይገባል።

እንግዲህ ወደ ወሎ እንምጣ። ይህ ምድር ጥንት ቤተ አምሐራ ይባል የነበረ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመበት፣ አማራ የሚለው ስም ራሱ የተያያዘበት አገር ነው። ዛሬ ግን የሚጠራው በኦሮሞ ነገድ ስም ነው፤ ወረ ባቦ፣ ወረ ኢሉ፣ ለጋምቦ፣ ለጋሂዳ፣ ቦረና እያልን የምንጠራቸው ወረዳዎችም የዚያው ምስክሮች ናቸው። ሌቪን በሁለት ሚዛን ለያይቶ ያስቀመጣቸው ሁለቱ ሥርዓቶች እዚህ አንድ ቤት ውስጥ አድረዋል። የንጽጽሩ ፈተና መሆን የሚገባው አገር ይህ ነበር፤ ደራሲው ግን ወሎን የቀላቀለ አገር ብሎ ያልፈዋል እንጂ ሚዛኑን በወሎ አልፈተነውም።

ቢፈትነው ምን ያገኝ ነበር? ፊተኛው ነገር፣ በኦሮሞ ሥርዓት ውስጥ በደረጃ የታነጸ ሥልጣን መብቀሉን ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በወረ ሂመኖ የተነሣው የማመዶች ቤት ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ አላዛወረም፤ ከአባት ወደ ልጅ አወረሰ፣ መሪዎቹም «ኢማም» ተባሉ። የየጁ መሳፍንት ደግሞ ከዚህ ርቀው ሄዱ፤ እስከ 1845 ዓ.ም. የአይሻል ጦርነት ድረስ በጎንደር ነገሥታት ስም አገር የገዙ ራሶች ነበሩ። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል፣ እኔ የሚመስለኝ የደም ጠባይ ሳይሆን የኑሮ ለውጥ ነው፤ ከብት አርቢው ገበሬ ሆነ፣ መሬትና ገበያ፣ የሲራራም መንገድ በአንድ ቦታ የሚጠበቅ ሀብት ሆኑ፤ እስልምናም በዘር ሐረግ ላይ ሌላ የሥልጣን ምክንያት ጨመረለት። በጊቤ አገሮችም፣ በጅማ ጭምር፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ተመሳሳይ ነገር ሆኗል።

ነገር ግን ኢማሙ ብቻውን ገዛ ማለት አይደለም። ነፍሱን ይማርና የታሪክ ሊቁ ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የወሎ እስልምና ታሪክ እንዳሳየው፣ እንደ ጀማ ንጉሥና እንደ ጌታ ያሉት የትምህርትና የዝያራ ቦታዎች የራሳቸው ክብር ነበራቸው፤ ሸኾቹም ከመሪዎቹ ጋራ ሁልጊዜ አይስማሙም ነበር። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ ሹመኞቹ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ባዘዙ ጊዜ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ሹመታቸውን አጸኑ፤ እንደ ሸኽ ጠልሃ ያሉት ግን እምቢ ብለው ተቃወሙ። ሹመትና ክብር በአንድ ሰው ላይ የተከማቹ ቢሆኑ ኖሮ ይህ መለያየት ባልታየ ነበር። ስለ ሴቶችም፣ ወርቂትና መስተዋት በልጆቻቸው ስም የወሎን ጦርና ዲፕሎማሲ የመሩ ሴቶች ነበሩ፤ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ የተቀበለቻቸው ወርቂት ናት፣ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚሁ ተቈጥተው በእጃቸው የነበረውን ልጇን ገደሉባት። ይህ ታሪክ ከገዳም ሚዛን ከአማራም ሚዛን ውጭ ነው።

በአማራው በኩልም እንዲሁ ነው፤ በአንዳንድ ርስተኛ አገር የጭቃ ሹምነት በርስተኞቹ መካከል በተራ ይዞር እንደነበረ ይታወቃል። ጉልተኛው ከላይ ነው፤ ርስቱ ግን የእርሱ አይደለም። ሌቪን ከላይ ወደ ታች ያየውን ሥርዓት ገበሬው ከታች ወደ ላይ ሲያየው ሌላ መልክ ነበረው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። በወሎ ገጠርና ከተማ የቀብር ማኅበር «ቅሬ» ይባላል፤ በሌላ አገር እድር የሚባለው መሆኑ ነው። ቅሬ ዳኛ አለው፣ ዳኛውን አባላቱ ይመርጡታል፣ ይሽሩታልም። ወታደር የለውም፤ መቀጫው ጥቂት ብር ነው፤ የመጨረሻው ቅጣቱ ግን ከማንኛውም ፍርድ ቤት ይከብዳል፣ ከቅሬ የተባረረ ሰው ሬሳውን የሚያነሣለት የለምና። ትምህርቴን በባሕር ማዶ ጨርሼ ወደ ኮምቦልቻ በተመለስሁ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የሰፈር እናት ዐረፉ፤ እኔ መጽሐፍ ሳገላብጥ ቀብሩ አለፈኝ። በሦስተኛው ቀን የቅሬው ዳኛ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ደጃፋችን ላይ ቆመው፦ «ልጄ፣ መማርህን ሰምተናል፤ አልሐምዱሊላህ። ቅሬው ግን የሚያውቅህ በአባትህ ስም ነው» ብለው መቀጫዬን ተቀበሉ። ክርስቲያኑ ጎረቤቴም ከእኔ ጋራ በዚያው ቀን ተቀጣ። ስለ ሥልጣን ክፍፍል በቤተ መጻሕፍት ብዙ ዓመት ያነበብሁትን ያህል በዚያች ቅጽበት ተምሬአለሁ።

ቅሬው የአማራ ነው ወይስ የኦሮሞ? ጥያቄው ራሱ መልስ የሌለው ነው። ደም ለማድረቅ፣ ባለደምን ለማስታረቅ በደቡብ ወሎና በከሚሴ በኩል የሚጠሩት አባጋሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ስማቸው የኦሮሞ ቃል ይሰማበታል፣ የሚያስታርቁት ግን ሁለቱንም ወገን ነው።

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ ቢሆን ባልደከምሁበት። ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ ሥልጣን በብሔር መደልደሉ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይም በአማራ ክልል ውስጥ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቋቋሙ የታወቀ ነው። ድልድሉ ብዙ ሰው በገዛ ቋንቋው እንዲዳኝ አድርጓል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም «አማራ ማለት ገዢ፣ ኦሮሞ ማለት ዴሞክራት» የሚለው የሌቪን ቀለም ከመጽሐፉ ወጥቶ በአደባባይ መከራከሪያ ሆኗል፤ ደራሲው ሁለቱ እንደሚደጋገፉ ያስረዳበት ክፍል ግን አልተነበበም። በዚህ ደራሲውን አልወቅስም፤ ንጽጽሩን በሁለት ሕዝብ ስም ማሰሩ ግን ለዚህ በር ከፍቷል ብዬ አምናለሁ። ሁለቱን የአገዛዝ ዓይነቶች ያለ ሕዝብ ስም አስቀምጦ ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ ሕዝብ ውስጥ ሁለቱንም ለማግኘት ይቻል ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በያዘ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተዘጋ። በሰፈራችን ሙታንን የቀበረ፣ እህል ያለውን ከሌለው ጋራ ያገናኘ ቅሬው ነበር። መንግሥት ከተመለሰ በኋላ የቀበሌ ሰዎች ይህን አይተው ኖሮ ቅሬውን ለስብሰባ መጥሪያና ለመዋጮ መሰብሰቢያ ሊያደርጉት ፈለጉ። ዳኛው የአባላቱን መዝገብ እንዲያስረክቡ ተጠየቁ። እርሳቸውም መዝገቡ የእርሳቸው ሳይሆን የማኅበሩ መሆኑን ገልጸው፣ ነገሩን በሚቀጥለው ቀብር ላይ ለአባላቱ እንደሚያቀርቡ ተናገሩ፤ አባላቱም ከመቃብሩ አጠገብ ቆመው መዝገቡ እንዳይሰጥ ወሰኑ።