ማዞሪያውን ከመንካትህ በፊት ውረድ

በቅርቡ ከሚኒባስ ወደ ላንድክሩዘር 300 የተሻገረ አንድ ወጣት ሾፌር፣ እንግዳ ይዞ ወደ ጂንካ ሊወጣ ሲሰናዳ፣ «ጋሼ፣ ማጎ ፓርክ ስገባ ማዞሪያውን ‹መድ› ላይ ላድርገው ወይስ ‹አውቶ› ይበቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። «መጀመሪያ ውረድና መሬቱን እርገጠው» አልኩት። ያሾፍኩበት መስሎት ሳቀ።

ሃይ መቼ፣ ሎው መቼ እንደሚገባ፣ የመሀል ዲፈረንሻል መቼ እንደሚቆለፍ ለሙያው ሰው አልደግምም። የእኔ ጭቅጭቅ ከማዞሪያዋ ጋር ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ2004 ዲስከቨሪ 3 ላይ ይዟት ከመጣ ወዲህ፣ ውድ ከሚባለው የገጠር መኪና አብዛኛው አንዷን ሳይገጥም አይወጣም። አሸዋ፣ ጭቃ፣ አለት፣ በረዶ እያለች በሥዕል ታሳያለች። ሥዕሉን ያየ ሾፌር መኪናው መሬቱን ያወቀለት ይመስለዋል።

አላወቀለትም። ማዞሪያዋ ጎማው ላይ ጥርስ አትጨምርም። የምትወስነው ነዳጅ መስጫው ለእግር ምን ያህል ቶሎ እንደሚታዘዝ፣ ማርሹ መቼ እንደሚቀየር፣ ባዶውን የሚሾር ጎማ ምን ያህል ከሾረ በኋላ ፍሬን እንደሚያዝበት ነው። አሸዋና ጭቃ ላይ ትንሽ ይሹር ብላ ትለቀዋለች፤ አለት ላይ ወዲያው ቀጥ ታደርገዋለች። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ኮምፒውተሩ በዋናነት የሚያነበው የጎማውን አዟዟር ነው፤ ለማንበብም ጎማው መጀመሪያ መንሸራተት አለበት።

መረሬ ደግሞ ለመንሸራተት ጊዜ አይሰጥም። በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባው ያ ጥቁር አፈር፣ ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና ሙጫ ይሆናል። ጎማው ሁለት ሦስት ዙር ባዶውን ከሾረ በየጥርሱ መሀል ጭቃው ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያለህ ውድ ጎማ ሳይሆን አራት ልሙጥ ጭቃ ነው። ክፋቱ ደግሞ ከላይ ፀሐይ ሲመታው ነጣ ብሎ ደርቆ መታየቱ ነው። ቅርፊቱ ስንት ጣት እንደሆነ ከወንበር ላይ ሆኖ የሚያይ ዓይን የለም፤ ካሜራም ቢሆን። ተረከዝ ግን ያውቃል። ጠንከር አድርገህ ስትረግጠው ቅርፊቱ ከተሰበረ፣ ስታነሣውም ጫማህን የሚስብብህ ከሆነ፣ ያ መንገድ ለዛሬ አይሆንም።

አንድ ሚያዝያ ማጎ ውስጥ ወፍ የሚወዱ አዛውንት ባልና ሚስት ይዤ ነበር። ከምሳ በፊት ዘንቦ አቁሟል። ወርጄ ሳየው ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ ግን ጥቁርና እርጥብ ነው። እንጠብቃለን አልኳቸው። ሴትዮዋ ደስታዋን አልቻለችም፤ አንዲት ሰማያዊ ወፍ ግንድ ላይ አይታ መነጽሯን ይዛ ስትሯሯጥ፣ ባልየው የወፎቹን መጽሐፍ ተሸክሞ ይከተላታል፤ እኔ ሻይ አፈላሁ። በዚህ መሀል አንድ ሌላ መኪና ከኋላችን መጣ። ሾፌሩ መስኮቱን ሳይከፍት እጁን አውለበለበልኝና አለፈ። ብዙም ሳይርቅ ቆመ። ሄጄ ሳየው ማዞሪያው እንደሚገባው ‹መድ› ላይ ነው፣ አራቱም ጎማዎች እኩል ይሾራሉ፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። አንዱ ጎማ ብቻ ቢሾር ኖሮ ኮምፒውተሩ እሱን በፍሬን ይዞ ኃይሉን ለሌሎቹ ያካፍል ነበር። አራቱም እኩል ሲሾሩ ከማን ቀምቶ ለማን ይሰጣል? ቆፍረን፣ በገባበት ዱካ ወደ ኋላ በገመድ ጎተትነው። እኔ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ዳር ዳሩን፣ ሣር የያዘውን እየመረጥኩ አለፍኩ። ማዞሪያዬ የት ላይ እንደነበር ትዝ አይለኝም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም። «አራት ጎማ ለየብቻ የሚይዝ ስንት እግር አለህ?» ይለኛል። አለት ላይ እውነቱን ነው። ወደ ኤርታሌ በሚወስደው የላቫ አለት ላይ አንዱ የፊት ጎማና ተቃራኒው የኋላ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠሉ፣ ሎው አስገብቶ ለክሮል ኮንትሮል መተው ከእኔ እግር ይሻላል፤ ይህንን አልክድም። አሸዋ ላይ ግን መልሼ እይዘዋለሁ። አፋር ላይ መኪና የሚያሳልፈው ከጎማ የተቀነሰ አየር ነው፤ ከ35 ወደ 18 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ያለ ጎማ በየትኛውም ሥዕል ላይ ቢሆን ይሄዳል። ችግሩ የዛሬዎቹ ቅንጡ መኪናዎች ቸርኬያቸው ገዝፎ የጎማው ጎን መሳሳቱ ነው። ምኑን ታስተነፍሰዋለህ? ባለ 22 ኢንች ቸርኬ ገጥሞ አሸዋ የሚል ማዞሪያ መስጠት ለእኔ ቀልድ ነው።

ይህን ግትርነት ከማንዋል አላገኘሁትም። አባቴ የበቾ ገበሬ ነበር። ማለዳ በሬዎቹን ከመጥመዱ በፊት በባዶ እግሩ ማሳው ውስጥ ይገባና ቆም እያለ ይረግጣል። እርጥበቱ ከበዛ ማረሻው ላይ እየተለጠፈ በሬ ያደክማል፤ ከደረቀ ደግሞ ድንጋይ ነው፤ በመሀል ያሉት ጥቂት ቀናት እንዳያመልጡት ነበር የሚረግጠው። እኔንም «ና እርገጥ» ይለኝ ነበር። ብርዱንም ጭቃውንም እጠላው ነበርና እያጉረመረምኩ እረግጣለሁ። እውነቱን ለመናገር መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ከዚያ ጭቃ ለማምለጥ ነው። ዛሬ የምቀመጠው ቆዳ ወንበር ላይ ነው፤ ቅዝቃዜው ተመጥኖ ይነፍስልኛል፤ የሚከፈለኝ ግን ሱሪዬን ሰብስቤ ከመኪናው ፊት ለፊት ስለምሄድ ነው። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ከጎኔ ተቀምጦ ነድቼዋለሁ። ስለ መኪናው ምንም አላለም፤ ቱሉ ቦሎ እስክንደርስ በመስኮት የሰውን ማሳ ሲያይ ነበር።

ከወንበሬ ሥር ኮንጎ ጫማ አለች። የመኪናው ባለቤት እንግዳ እንዳያያት አውጣት ይለኛል፤ ምንጣፉ ላይ ስለማመጣው ጭቃም ይነጫነጫል። ምንጣፉን አጥቤ እመልስለታለሁ፤ እስከ ሻንሲው መረሬ ውስጥ የገባ መኪና ግን ማጎ ድረስ ክሬን ልኮ ያወጣው እንደሆነ ይንገረኝ።