ቅንፉን ኤክሴል ይጻፈው

«ጋሼ፣ በኔ ኮምፒውተር ኢንተር ብቻ ስመታ ይሠራል፤ ሦስት ቁልፍ መጫን ለምን አስፈለገ?» አለችኝ አዲሷ የሒሳብ ሠራተኛችን። አልተሳሳተችም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ያስተዋወቀው አሠራር ያላቸው ኤክሴሎች፣ 365 እና 2021ን ጨምሮ፣ የአሬይ ፎርሙላን፣ ማለትም ብዙ ሴሎችን በአንድ ጊዜ የሚያሰላውን፣ በኢንተር ብቻ ይቀበላሉ። እኔ ግን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢንተርን አንድ ላይ መምታት ዛሬም አስተምራለሁ።

ፋይል ይዞራላ! እሷ የሠራችው ሰንጠረዥ በ2016ቱ ኤክሴል ሲከፈት ፎርሙላው በጥምዝ ቅንፍ ታቅፎ ይታያል። እዚያ ያለው ሰው ኤፍ 2 ብሎ አንድ ነገር ያስተካክልና ኢንተር ይመታል፤ ቅንፉ ይጠፋል። ቅንፉን በእጁ ቢጽፈው ደግሞ ኤክሴል ፎርሙላውን እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥረዋል፤ ሦስቱ ቁልፎች ሲመቱ ቅንፉን የሚጽፈው ራሱ ኤክሴል ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ በሉ። ብዛትን በዋጋ አባዝቶ የሚደምር ፎርሙላ ከዝርዝሩ ግርጌ ከሆነ የ«ቫልዩ» ስህተት ያወጣል፤ ሁሉም ያየዋል። ከዝርዝሩ ጎን፣ አሥረኛው ረድፍ ላይ ከሆነ ግን የአሥረኛውን ረድፍ ብቻ አባዝቶ ደህና የሚመስል ቁጥር ያስቀምጣል። ማስጠንቀቂያ የለም። የምፈራው ይሄንን ነው።

አንድ ባልደረባዬ «ሰምፕሮዳክት የሚባል ፋንክሽን እያለ ይህ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው?» ይለኛል። ለማባዛትና ለመደመር ብቻ ከሆነ እውነቱን ነው። ውስጡ ኢፍ ሲገባ ግን በድሮው ኤክሴል ሰምፕሮዳክትም ሦስቱን ቁልፍ ይፈልጋል።

በአንድ የሰኔ 30 ንብረት ቆጠራ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ የቀለም ጉድለት አለብህ ተባለ። ስቶክ ካርዱ ሌላ፣ ሰንጠረዡ ሌላ ይላል። የቀለሙ ድምር ያለበት ሴል ላይ ቆሜ ፎርሙላውን አየሁ፤ ቅንፍ የለውም። የያዘው ያንኑ ረድፍ ብቻ ነው። ኤፍ 2፣ ከዚያ ሦስቱን ቁልፍ፤ ድምሩ ከካርዱ ጋር ገጠመ። ሰውየው ያልጎደለ ዕቃ ከደመወዙ ሊቆረጥበት ነበር።

በዚህ ሙያ የቆየሁት ለዚህ ነው። ሰንጠረዥ ላይ የማሰፍረው ቁጥር አንድ የማላውቀው ሰው ዕዳ ሆኖ ሊመጣበት ይችላል፤ እሱ ደግሞ ፎርሙላውን ከፍቶ የማየት ዕድል የለውም። ስለዚህ ለልጅቷ ያልኳት ይህን ነው፦ ፎርሙላሽ በአንቺ ኮምፒውተር ላይ ስለሠራ ብቻ ጨረስኩ አትበይ፤ የሚረከብሽ ሰው በየትኛው ኤክሴል እንደሚከፍተው ጠይቂ።