«አዘጋጅ» ማን ነው? ስለ ፊልም ሥራ ስያሜዎች

የአማርኛ የፊልም ስያሜዎች በብዛት የተወረሱት ከቴአትር ቤት ነው። ከውርሱ መካከል እጅግ የተሳካው «ተዋናይ» ነው። ከግእዙ «ተዋነየ» (ተጫወተ) ስለ ወጣ «ተውኔት»ንና «ትወና»ን አስከትሏል፤ በድርሰቱ ውስጥ ካለው «ገጸ ባሕርይ»ም በግልጽ ይለያል።

የ«አዘጋጅ» ዕድል ግን ሌላ ነው። በቴአትር ቤት ተዋንያንን የሚመራ፣ በራዲዮ ፕሮግራም የሚያሰናዳ፣ በመጽሔት ጽሑፍ የሚያርም፣ ሁሉም «አዘጋጅ» ነው። በፊልም ሥራም ቀረጻውን የሚመራውና ገንዘቡን የሚያወጣው በዚሁ ስም ሲጠሩ ይሰማል። «ዳይሬክተር» ብሎ በውሰት መገላገልም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ ቃሉ ለትምህርት ቤትና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ አስቀድሞ ተሰጥቷልና። «አቀናባሪ»ም እንዲሁ በዜማና በምስል መካከል ይዋልላል።

ዐውዱ ይለየዋል የሚል ይኖራል። በጨዋታ ይለየው ይሆናል፤ በውል ላይ ግን «አዘጋጁ ይከፍላል» ተብሎ ቢጻፍ ከፋዩ ማን ነው? ትርጉም ሲጨመርበት ችግሩ ይብሳል። አማርኛ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋ ነው። ይህን የመሰለ ውል በሚዛን ተፈሪ ወደ ቤንችኛ፣ በቴፒ ወደ ሸኪኖኖ የሚመልስ ተርጓሚ አንዱን ሰው በግምት ከመምረጥ በቀር መውጫ የለውም። ግምቱ ቢስት የሚጎዳው በፊልሙ ውስጥ ተውኖ ዋጋውን የሚጠብቀው ሰው ነው።

የዚያው አገር የቡና ሥራ ግን ለስያሜ አውጪ ትምህርት ይሰጣል። ከዛፉ የተለቀመው ቀይ ፍሬ «እሸት» ነው፤ ከነልባሱ ሲደርቅ «ጀንፈል» ይሆናል፤ ጀንፈሉ ደግሞ ሲቀሸር ፍሬው ከልባሱ ይለያል። እሸት የሸጠና ጀንፈል የሸጠ በአንድ ዋጋ አይከፈላቸውም። ስሙ የተለየው ሥራውና ዋጋው በተለየበት ቦታ ነው፤ ማንም ሁሉንም «ቡና» ብሎ ውል አይዋዋልም።

በዚህ መመዘኛ መሠረት «አዘጋጅ» በፊልም ረገድ ተዋንያንንና ቀረጻን ለሚመራው ብቻ ይወሰን፤ ገንዘብና አስተዳደር የሚይዘው፣ የተሻለ እስኪገኝ፣ «ፕሮዲዩሰር» ይባል፤ «አቀናባሪ» ደግሞ «የምስል» ወይም «የዜማ» የሚል ቅጽል ሳይቀድመው አይጻፍ። የውሰት ቃል መቀበል ነውር አይደለም፤ ነውሩ አንዱን ቃል ለሦስት ሰው አልብሶ ቋንቋው በለጸገ ማለት ነው።